ሁለት ሺህ ጌም ላለው ሰው የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ወዳጄ በቀደም ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና አንድ ካርቶን ሲዲ በባጃጅ ጭኖ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጌሞቹን የሚያደራጅ ሶፍትዌር ጫንልኝ፤ ምርጡ የቱ ነው?» አለኝ። ዲስኮቹን ስከፍታቸው ፎልደሮቹ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ዋናው» ይላሉ። አንድ የእግር ኳስ ጌም ብቻ ስድስት ቦታ ተቀምጦ አገኘሁት። በዚያው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይህንኑ ጠየቀኝ። እሱ ግን አንድም ሲዲ የለውም። ኤፒክ የተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር በየሳምንቱ በነፃ የሚሰጠውን እየተቀበለ፣ ስቲም የተባለው ሌላው መደብር ላይ በቅናሽ የሚወጣውን እየለቀመ፣ ጌሞቹ ሦስት አካውንት ላይ ተበትነውበታል። «ያለኝን ጌም ረስቼ ደግሜ ልገዛ ነበር» ይላል።

የሁለቱ ጥያቄ ሲሰሙት አንድ ነው፤ መልሱ ግን ለየቅል ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መለየት ይቀድማል።

ሶፍትዌሩ የሚይዘው ጌሙን ነው ወይስ ዝርዝሩን?

ዝርዝሩን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

እቃ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ቢን ካርድ ያውቃል። እቃው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ያህል ቀረ የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ካርዱ ቢቀደድ እቃው አይጠፋም። ካርዱ «50» ስላለ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የግድ ሃምሳ አለ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ ቆጠራ የሚደረገው ለዚህ ነው። የጌም ማደራጃ ሶፍትዌርም እንዲሁ ቢን ካርድ ነው። ጌሙ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ ሲዲው ላይ ወይም የሻጩ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚመዘግበው ስሙን፣ ያለበትን ቦታ፣ የወጣበትን ዓመት፣ የሽፋን ሥዕሉን፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወታችሁት ነው።

አብረው የሚነሱ ሁለት ቃላት አሉ። «ላውንቸር» የሚባለው መዝገቡ ላይ ያለውን ጌም ስትነኩት ሄዶ የሚያስነሳው ክፍል ነው፤ እቃውን ከመደርደሪያው አውርዶ የሚያመጣ ሠራተኛ በሉት። «ኢሙሌተር» ደግሞ ኮምፒውተሩን እንደ ፕሌይስቴሽን ወይም እንደ ሴጋ አስመስሎ የሚያሠራ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተው ኢሙሌተሩ እንጂ መዝገቡ አይደለም። መዝገቡ የሚያደርገው «ና፣ ይህን ፋይል ክፈት» ብሎ ኢሙሌተሩን መጥራት ነው። ስለዚህ ማደራጃ ሶፍትዌር ጭናችሁ ጌሙ አልከፍት ካለ፣ መጀመሪያ ኢሙሌተሩ ለብቻው ጌሙን መክፈት አለመክፈቱን ሞክሩ።

ጌሞቻችሁ የት ናቸው?

ሶፍትዌር ከመምረጥ በፊት የሚመለሰው ይህ ነው። ጌም ሦስት ዓይነት መኖሪያ አለው። አንደኛው የመደብር አካውንት ነው፤ ከ2003 ጀምሮ ያለው ስቲም፣ በ2008 የተከፈተው ጎግ፣ በ2018 የመጣው ኤፒክ እዚህ ይመደባሉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው በዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ከሲዲ የተገለበጠው «አይኤስኦ»፣ ከድሮዎቹ ካርትሪጅ የተገለበጠው ደግሞ «ሮም» ይባላል። ሦስተኛው በእጅ የሚያዘው ሲዲ ራሱ ነው።

ለአካውንት የሚሆነው ሶፍትዌር ከመደብሩ ጋር መነጋገር አለበት። ለፋይል የሚሆነው ፋይሉን አይቶ ማወቅ አለበት። ለሲዲው ግን ሶፍትዌሩ ምንም አያይም፤ የምታዩት እናንተ ናችሁ፣ የምትጽፉትም እናንተ ናችሁ።

ፋይሉን አይቶ የትኛው ጌም እንደሆነ በምን ያውቃል?

በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዮሐንስ ቢኖር መምህሩ በስም ብቻ መለየት አይችልም። የመታወቂያ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። የፋይዳ ምዝገባ ደግሞ ከዚያም አልፎ አሻራ ይወስዳል። ሶፍትዌሮቹም እነዚሁ ሦስት መንገዶች አሏቸው።

ቀላሉ በስም ነው። የፋይሉን ስም አንብቦ ኢንተርኔት ላይ ካለ የጌሞች ዝርዝር ጋር ያዛምደዋል። ፈጣን ነው፣ ግን ይሳሳታል። ፊፋን ብቻ ውሰዱ። 98፣ 99 ሲል ቆይቶ 2000 ብሎ እስከ 2005 በአራት አሃዝ ይቀጥላል፤ ከዚያ 06፣ 07 እያለ 23 ይደርሳል፤ በ2023 ደግሞ ስሙን ራሱን ቀይሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24» ሆነ። በስም ስትደረድሩት 06 ከ98 ቀድሞ ይቆማል። ጥሩ ሶፍትዌር ለዚህ መፍትሔ አለው፦ የሚታየው ስም ሌላ፣ ለመደርደር ብቻ የሚያገለግለው ስም ሌላ እንዲሆን ያስችላል። በሁለተኛው ላይ «ፊፋ 1998»፣ «ፊፋ 2006» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰልፉ ይስተካከላል።

ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው እግር ኳስ ከዚህም ይብሳል። እኛ «ፔስ» የምንለው ጃፓን ውስጥ «ዊኒንግ ኢለቨን» ይባል ነበር፤ ቁጥሩም አይገጥምም። አውሮፓ ውስጥ «ፔስ 6» ተብሎ የተሸጠው ጃፓን ላይ «ዊኒንግ ኢለቨን 10» ነበር። ከስድስቱ የወዳጄ ቅጂዎች ሁለቱ በዚህ ስም የተቀመጡ ስለነበሩ ለሶፍትዌሩ ሌላ ጌም ነበሩ።

ሁለተኛው መንገድ መለያ ቁጥር ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ አራት ፊደልና አምስት አሃዝ ያለው ኮድ አለው፤ ኦሪጅናሉ ሲዲ ላይ ታትሟል፣ ፋይሉ ውስጥም ተጽፏል። «ኤስኤልኢኤስ» ብሎ ከጀመረ የአውሮፓ፣ «ኤስኤልዩኤስ» ካለ የአሜሪካ፣ «ኤስኤልፒኤም» ካለ የጃፓን እትም ነው። አንድ ጌም ከሌላው አልለይ ሲላችሁ ስሙን ትታችሁ ይህን ተመልከቱ።

ሦስተኛው አሻራ ነው፤ «ሃሽ» ይባላል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ በስሌት አጭር የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ያወጣለታል። የፋይሉን ስም «የመጨረሻ ዋናው» ብትሉት አሻራው አይለወጥም። ከውስጡ አንዲት ባይት ብትጎድል ግን ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይነግራችኋል፦ ይህ ጌም የትኛው እንደሆነና ቅጂው ሙሉ መሆኑን። ኖ-ኢንትሮ የካርትሪጅ ጌሞችን፣ ሪደምፕ ደግሞ የሲዲና የዲቪዲ ጌሞችን ትክክለኛ አሻራ የሚመዘግቡ የበጎ ፈቃደኞች ስብስቦች ናቸው። የእናንተ ፋይል አሻራ ከእነርሱ ጋር ከገጠመ ነገሩ አለቀ።

ችግሩ ጊዜ መፍጀቱ ነው። ሁሉም ፋይል መነበብ ስላለበት፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ዲስክ ሁለት ቴራባይት ለመጨረስ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 በኩል በሰከንድ 30 ሜጋባይት ቢያነብ ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ያውም መብራት ካልጠፋ። ላፕቶፕ ላይ መሥራቱ ይሻላል፤ ሃርድ ዲስኩ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ዓይነት ከሆነ ግን ላፕቶፑም አያድናችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መዝገብ ብቻ የሚይዙ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ፋይሉን ራሱን የሚነኩም አሉ። እንደ ሮምቮልትና ሲኤልአር ማሜ ፕሮ ያሉት የሁለተኛው ዓይነት ናቸው፤ አሻራውን አይተው ፋይሉን ስም ይቀይሩታል፣ ከፎልደር ወደ ፎልደር ያዛውሩታል፣ ትርፍ የመሰላቸውን ያነሳሉ። ሥራቸው ነው። እኔ ግን አንዱን እንዲህ ያለ ፕሮግራም መመሪያውን ሳላነብ፣ ሌላ ቅጂ ሳልይዝ፣ ብቸኛው ዲስኬ ላይ ለቀቅኩትና ስማቸውን በአማርኛ የጻፍኩባቸውን ፋይሎች በሙሉ ዳግመኛ ሰይሞ አዘዋውሮ ጠበቀኝ። ለሦስት ቀን የት እንዳሉ ስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ትንሽ ፎልደር ላይ ሙከራ፣ ከዚያ ነው ሁሉም።

ሥዕሉና መግለጫው ከየት ይመጣል? ፓኬጅስ ስንት ይበላል?

ስለ ጌሙ የሚጻፈው መረጃ ሁሉ፣ ዓመቱ፣ አምራቹ፣ ዓይነቱ፣ የሽፋን ሥዕሉ፣ በአንድ ቃል «ሜታዳታ» ይባላል። ሶፍትዌሩ ይህን ከራሱ አያወጣም፤ ከትልልቅ የመረጃ ቋቶች ያመጣዋል። ከ1999 ጀምሮ ያለው ሞቢጌምስ፣ በ2019 ትዊች የገዛው አይጂዲቢ፣ ለድሮ ጌሞች ደግሞ ስክሪንስክሬፐር ከሚታወቁት ናቸው።

ሒሳቡን ላስላው። አንድ ሽፋን ሦስት መቶ ኪሎባይት ቢሆን ሁለት ሺህ ጌም 600 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ይቻላል። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች «የጌሙን ቪዲዮም ላምጣ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹም ምርጫው ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይጠብቃችኋል። አንዱ ቪዲዮ አሥር ሜጋባይት ቢሆን ሁለት ሺሁ 20 ጊጋባይት ነው። ወርሃዊ ፓኬጃችሁ በአንድ ምሽት ሲያልቅ ጥፋተኛው ይህ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን ብቻ አስመጡ፣ ሽፋኑን በሌሊት ፓኬጅ ጨምሩ፣ ቪዲዮውን እርሱት።

እሺ፣ የቱን ልጫን?

ከመቶ በታች ጌም ካላችሁ ምንም አትጫኑ። ለየማጫወቻው አንድ አንድ ፎልደር ከፍታችሁ የፋይሉን ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ጻፉ፤ ይበቃል።

ለተማሪው ፕሌይናይትን ነው የጫንኩለት። ነፃ ነው፣ የውስጥ ኮዱም ክፍት ነው፤ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ለየመደብሩ ተቀጥላ (ፕላጊን) ይጨመርለትና የስቲሙን፣ የኤፒኩን፣ የጎጉን ጌም አንድ ዝርዝር ላይ ያመጣል፤ በፋይል ያሉትንም ከኢሙሌተር ጋር ያያይዛል። ከሁሉ የወደድኩለት መዝገቡ ራሱ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ዝርዝሩ ይከፈታል። ፍላሽ ላይ ተጭኖ የሚዞር ዓይነትም አለው። ስቲም ላይ ፕሮፋይላችሁ ለሌላ ሰው ዝግ ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል ይህን አስቀድማችሁ እዩ።

ጎግ ጋላክሲም ነፃ ሲሆን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ለጀማሪ እንዲያውም ይቀላል። ድክመቱ ከሌሎች መደብሮች ጋር የሚያገናኙት ተቀጥላዎች ብዙዎቹ በበጎ ፈቃደኞች የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ መደብሩ አሠራሩን በቀየረ ቁጥር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሉትሪስን ወይም ሂሮይክን ሞክሩ።

ስብስባችሁ በአብዛኛው የድሮ ጌም ከሆነ ላውንችቦክስ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። መሠረታዊው ነፃ ነው፤ ሙሉ ስክሪን ይዞ በጆይስቲክ የሚታዘዘው «ቢግ ቦክስ» የሚባለው ክፍል ግን ይከፈልበታል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ለብዙዎቻችን በሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። በጆይስቲክ ብቻ መሥራት ለሚፈልግ ኢሙሌሽንስቴሽን ያለ ክፍያ ያደርገዋል። ሬትሮአርች ደግሞ ኢሙሌተሮችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስብ ሆኖ የራሱ ዝርዝርም አለው፤ ይሁንና ሜኑው ለለመደው እንጂ ለእንግዳ አይመችም።

ለሲዲ ደግሞ ኤክሴል። ባርኮድ በስልክ አንብበው የሚመዘግቡ የሚከፈልባቸው አፖች አሉ፤ ነገር ግን ካርቶን ውስጥ ያለ ሽፋኑ የጠፋ ሲዲ ባርኮድ የለውም።

በአማርኛ ብመዘግብበትስ?

ትችላላችሁ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለገባ የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ያሳዩታል። ጣጣው ከፊደሉ አይደለም፣ ከአጻጻፋችን ነው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ነው። ጌሞቹን በዓይነት ስትከፍሉ አንድ ቀን «ጸብ»፣ ሌላ ቀን «ፀብ» ብትጽፉ ሁለት ክፍል ይወጣል፤ «እግር ኳስ» እና «እግርኳስ»ም እንዲሁ። በአንዱ ስትፈልጉ የሌላው አይመጣም። ስለዚህ አሥር የማይሞሉ የዓይነት ስሞችን መጀመሪያ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ ምረጡ እንጂ እንደ አዲስ አትጻፉ። የገዛችሁበትን ቀን የምትመዘግቡም ከሆነ አንዱን የዘመን አቆጣጠር ብቻ ያዙ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ነው፤ ከቀላቀላችሁት ጌሙን ከመውጣቱ ሰባት ስምንት ዓመት በፊት የገዛችሁት ይመስላል።

ትናንት የነበረው ጌም ዛሬ ለምን «የለም» ይላል?

መዝገቡ የጌሙን ቦታ የሚይዘው እንደ አድራሻ ነው። ዊንዶውስ ለሚሰካ ዲስክ ሁሉ ፊደል ይሰጣል። ትናንት «ኢ» የነበረው ዲስክ ዛሬ ፍላሽ ቀድሞት ከተሰካ «ኤፍ» ይሆናል፤ መዝገቡ ግን አሁንም «ኢ»ን ያንኳኳል። ጌሙ አልጠፋም፣ ቤት ቀይሯል። ለእያንዳንዱ ዲስክ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ውስጥ ራቅ ያለ ፊደል አንዴ ስጡት፤ ችግሩ ይቆማል።

ሌላው «ዲስኩ ቦታ አለው፣ ጌሙ ግን አልገለበጥ አለ» የሚለው ነው። ዲስኩ «ፋት 32» በተባለው የአዘገጃጀት ዓይነት (ፎርማት) ከተዘጋጀ አራት ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል አይቀበልም፤ የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ግን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ለኮምፒውተር ብቻ የምትጠቀሙበትን ዲስክ በሌላ ዓይነት ማዘጋጀት ይቻላል (ሲዘጋጅ ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ አትርሱ)፤ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የሚሰካውን ግን አትንኩት፣ እሱ የሚያውቀው ፋት 32ን ብቻ ነው።

መዝገቡ ቢጠፋ ምን ይጠፋል?

ሽፋን፣ ዓመትና መግለጫ እንደገና ይወርዳሉ። የማይወርደው እናንተ የጻፋችሁት ነው፦ ማስታወሻ፣ ነጥብ፣ የጨረሳችሁት ጌም፣ የተጫወታችሁበት ሰዓት። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጡ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥና መውጣት መቻሉን ጠይቁ። ላውንችቦክስ በኤክስኤምኤል፣ ጎግ ጋላክሲና ሉትሪስ በኤስኪውላይት ፋይል ያስቀምጡታል፤ ሁለቱም ሌላ ፕሮግራም ሊያነባቸው የሚችል የታወቁ ዓይነቶች ናቸው። ያንን ፎልደር በየጊዜው ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ጌሙ ውስጥ የደረሳችሁበት ደረጃ ግን ከመዝገቡ ውጭ ስለሆነ ለብቻው ይገለበጣል።

መዝገብ ላይ መኖር ባለቤትነትንም አያረጋግጥም። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ፣ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሰዎች ጭምር መጫወት አልቻሉም፤ ጌሙ ያለ ሰርቨር አይሠራምና። የመደብር አካውንት ላይ የምትገዙት በአብዛኛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ጎግ በዚህ ይለያል፤ የጌሙን መጫኛ አውርዳችሁ በራሳችሁ ዲስክ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። በተቃራኒው፣ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ጌም በሥርዓት ስለተመዘገበ ሕጋዊ አይሆንም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ሶፍትዌርንም ይጠብቃል።

ወዳጄ በመጨረሻ ምንም አዲስ ሶፍትዌር አልጫነም። ዲስኮቹን በአሻራ አጥርተን ድጋሚዎቹን አወጣን፤ ለሲዲዎቹ ኤክሴል ከፈትንለት፦ ስም፣ ኮድ፣ የካርቶን ቁጥር፣ ስንት ጆይስቲክ እንደሚፈልግ። ከሳምንት በኋላ ስሄድ ራሱ አምስተኛ ዓምድ ጨምሮበት አገኘሁት፤ «ልጆቹ የሚሉት» ይላል። የሰፈሩ ልጆች ጌም የሚጠይቁት በስሙ አይደለምና «ጎድ ኦፍ ዋር» አጠገብ «ባለ ሰንሰለቱ» ብሎ ጽፏል። አንድ ልጅ ገብቶ «ባለ ሰንሰለቱን ክፈትልኝ» ሲለው ቃሉን ጽፎ ፈለገ፤ ካርቶን ሦስት አለው፣ ተነሥቶ ሄደ።